የአማርኛ ታግ ያለው ኤክስኤምኤል ፓይተን አላነብም አለኝ፤ ወደ ጄሰን እንዴት ልቀይረው?

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከደሴ ነው የምጽፈው። በፈቃደኝነት የምናግዘው ትንሽ ማኅበር አለ። ሥራው በየሰው ቤት ሣጥን ውስጥ ያሉ አሮጌ መጻሕፍትንና ወረቀቶችን መመዝገብ ነው። ብራና አለ፣ ድሮ የታተመ መጽሐፍ አለ፣ በዓረብ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማም አለ። ዕቃው ከባለቤቱ ቤት አይወጣም። እኛ የምንይዘው መረጃውን ብቻ ነው።

የመዝገቡን ሶፍትዌር የሠራልን ድርጅት መረጃውን በኤክስኤምኤል (መረጃን ታግ በሚባሉ ስም ያላቸው ምልክቶች መካከል በሚያስቀምጥ አጻጻፍ) እንጂ በሌላ አያወጣም። እኔ ደግሞ በስልክ ለሚከፈት ገጽ ጄሰን (መረጃን በቁልፍና በዋጋ የሚይዝ ሌላ አጻጻፍ) ነው የምፈልገው። ቀለል ያለ ነገር ስፈልግ ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ፣ ኤክስኤምኤል ቱ ዲክት የሚባል ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) አገኘሁ። ኤክስኤምኤሉን ተቀብሎ ዲክሽነሪ (የቁልፍና የዋጋ ስብስብ) ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጄሰን የአንድ መስመር ሥራ ነው። የእኛ ፋይል ይህን ይመስላል፦

<መዝገብ>
  <መጽሐፍ ቁጥር="114">
    <ርዕስ>የመንዙማ ደብተር</ርዕስ>
    <ቦታ>ቦሩ ሜዳ</ቦታ>
    <ቀን>2016-13-03</ቀን>
  </መጽሐፍ>
</መዝገብ>

ላይብረሪው ገና የመጀመሪያው ታግ ላይ ኢንቫሊድ ቶከን (ያልተፈቀደ ምልክት) ብሎ ቀጥ ይላል። የፋይሉ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት መንገድ) ዩቲኤፍ 8 ነው። ምን ጎደለው?

(ክሩ፣ ማለትም የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት መልሶቹን በራሴ አባባል ከታች አስቀምጫቸዋለሁ። ቁጥሩ የመልሱ ቁጥር ነው።)

መልስ 1። ከኮምቦልቻ የጻፈ ልጅ ነው። አብሽር ብሎ ጀመረ፣ ሰላምታውም ረጅም ነበር። የጠረጠረው ቢኦኤምን ነው፤ ኖትፓድ አንዳንዴ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጣትን የማትታይ ምልክት ማለቱ ነው። ፋይሉን ያለ እሷ እንዳስቀምጠው መከረኝ። አደረግኩት፤ ያው ነው።

መልስ 2። ሌላ ሰው ገብቶ በትሕትና አረመው። ኤክስኤምኤል አንባቢው ቢኦኤምን ያውቃታል፣ ዘሏትም ያልፋል። ቢኦኤም ፓይተን ላይ የምታስቸግረው ጄሰን ሲነበብ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሌላ ቦታ እንድንፈልግ አሳሰበ።

መልስ 3። ከአዲስ አበባ። አጭርና ደረቅ። በዚህ ዘመን ኤክስኤምኤል የሚጠቀም ሰው መኖሩ ገርሞታል። ድርጅቱ ራሱ ጄሰን እንዲሰጠኝ እንድጠይቅ ነገረኝ። ደውዬ እንደነበርና ለዚያ ሥራ አዲስ ውል እንደተጠየቅኩ ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ ስለ ድርጅቱ ምንም አላለም።

መልስ 4። ከወልዲያ የጻፈች እህት ናት፤ ክሩን ያዳነችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ግምት ውስጥ አልገባችም፤ ሙከራ ሰጠችኝ። ታጎቹን ብቻ በላቲን ፊደል ለውጬ፣ በመሃል ያለውን አማርኛ ሳልነካ እንድሞክር አለችኝ። ሞከርኩ። ያለ አንዳች ቅሬታ ተነበበ። ርዕሱም ቦታውም በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ኢንኮዲንጉ ደህና ነው ማለት ነው። የሚያስቆመው የታጉ ስም ነው።

መልስ 5። የኔው ነው፤ ውጤቱን ነግሬ አመሰገንኩ።

መልስ 6። እዚህ ላይ ወልዲያዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። የጻፈችው ረጅም ስለሆነ ሐሳቡን ብቻ ላስቀምጥ። ኤክስኤምኤል 1.0 የጸደቀው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1998 ነው። ለታግ ስም የሚፈቀዱ ፊደሎች አንድ በአንድ ተዘርዝረውለት ነበር። ዝርዝሩ የተወሰደው ከዩኒኮድ 2.0 ነው። የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ በታጎቹ መካከል የፈለጉትን አማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ታጉን ራሱን በአማርኛ መሰየም ግን ክልክል ሆኖ ቀረ። ከእኛ ጋር ክመሮችና በርማዎችም አብረው ነው የቀሩት።

ይህን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ወጣ። የተጠቀመበት ሰው ግን ጥቂት ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የ1.0 አምስተኛው እትም ሲወጣ ዝርዝሩ ላላ፤ የአማርኛ ታግም ሕጋዊ ሆነ። ታዲያ የእኔ ፋይል ሕጋዊ ከሆነ ለምን አይነበብም? ምክንያቱም ኤክስኤምኤል ቱ ዲክት ራሱ አያነብም። የሚያነብለት ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ኤክስፓት ነው። ኤክስፓት ጄምስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው አንጋፋ ፓርሰር (ኤክስኤምኤል አንባቢ) ነው፤ የሚከተለውም እስካሁን አራተኛውን እትም ነው። ላይብረሪው ቀላል የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከባዱን ሥራ ፓይተን ውስጥ ላለው ኤክስፓት አሸክሞታል። የቀላልነቱም የችግሩም ምንጭ አንድ ነው።

ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ፈቃዱ የወጣበት ዘመን ሩቅ ነው፤ እኛ ደጅ ግን ገና አልደረሰም።

መልስ 7። የኮምቦልቻው ልጅ ተመልሶ መጣ። ኤልኤክስኤምኤል በሚባለው ሌላ ላይብረሪ የእኔኑ ምሳሌ ሞክሮ ምንም ሳይል እንዳነበበለት ነገረን። ከሥሩ ያለው ሊብኤክስኤምኤል 2 አምስተኛውን እትም ይቀበላል። ወልዲያዋ ልክ መሆኗን በዚያው አረጋገጠ።

መልስ 8። አዲስ ሰው ነው፤ ከየት እንደሆነ አልገለጸም። ከዚህ ጀምሮ ወሬው ሞቀ። ጥፋቱ ሁሉ ታግን በአማርኛ የጻፈው ድርጅት ነው ባይ ነው። ኮድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ እንደሆነና በቋንቋ ፍቅር መረጃ ማበላሸት እንደሌለብን ጻፈ። ቃላቱ እኔ ካስቀመጥኩት የከረሩ ነበሩ።

ከመልስ 9 እስከ 11 ያለው ለእሱ የተሰጠ ምላሽ ነው። አንዱ፣ ፓይተን 3 ራሱ የቫርያብል ስም በአማርኛ እንደሚቀበል አስታወሰው። ሁለተኛው በቀጥታ ሰውየውን ነካ፤ የአገሩን ፊደል የሚያፍርበት ሰው ስለ ጥራት እንዳያወራ ነገረው። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ገሠጸ። አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ፤ ለዚህ ነው በ11 እና በ14 መካከል ክፍተት ያለው።

የኔን አቋም ከጠየቃችሁ፣ ድርጅቱ ብዙ ጥፋት አለበት፤ ይሄ ግን ጥፋቱ አይደለም። መዝገቡን የሚሞሉት አብዛኞቹ የገጠር መምህራን ናቸው። ፋይሉን ከፍተው ርዕስ የሚለውን ታግ ያለ አስተርጓሚ ያነቡታል። ስታንዳርዱም ፈቅዷል።

መልስ 14። ከሐይቅ የጻፉ ጋሼ ናቸው፤ መልእክታቸው ሁሉንም አበረደ። ጠቡ እንዳልገባቸው፣ ታግ የሚባለውም ነገር ምን እንደሆነ እንድናስረዳቸው በትሕትና ጠየቁ። የማኅበራችን አባል ናቸው፤ ከዚህ ሁሉ መዝገብ ግማሹን በእጃቸው የሞሉት እሳቸው ናቸው። ወልዲያዋ፣ ታግ ማለት እናቶች በርበሬውን ከሽሮው ለመለየት ዕቃው ላይ የሚለጥፉት ወረቀት ነው ብላ አስረዳቻቸው። ጄሰንም ያንኑ ዕቃ የሚይዝ ሌላ መደርደሪያ መሆኑን ጨመረችላቸው። ጋሼ መረቋት።

መልስ 15። ወደ መፍትሔው ተመለስን። የኮምቦልቻው ልጅ ሁለት መንገድ አሳየ። አንደኛው በኤልኤክስኤምኤል አንብቦ፣ አንዱ ታግ በሌላው ውስጥ ያለበትን ቅርንጫፍ እየተከተለ ዲክሽነሪ የሚሠራ አጭር ፈንክሽን መጻፍ ነው። ጄሰን ላይ ቁልፉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ አማርኛ ቢሆን ማንም አይጠይቀውም። ሁለተኛው፣ ታጎቹን በፍለጋና ተካ ወደ ላቲን ፊደል ለውጦ በኤክስኤምኤል ቱ ዲክት ማስነበብ፣ መጨረሻ ላይ ቁልፎቹን ወደ አማርኛ መመለስ ነው።

መልስ 16 ላይ የአዲስ አበባው ሰው ብቅ ብሎ በሁለተኛው መንገድ ተሳለቀ። ኤክስኤምኤልን በፍለጋና ተካ መነካካት የጀማሪ ሥራ ነው ባይ ነው። መልስ 17 ያልተጠበቀ ነበር፤ ከባቲ። የታጎቹ ዓይነት በጣት የሚቆጠር፣ ፋይሉም አንድ ከሆነ ምን ችግር እንዳለው ጠየቀ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ለክርክር ጊዜ እንደሌለውም ጨመረ። በመርህ ደረጃ የአዲስ አበባው ሰው ልክ ነው። ለእኔ ሥራ ግን የባቲው ሰው ልክ ነበር። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን መንገድ ነው የመረጥኩት፤ መዝገቡ በየጊዜው ስለሚታደስ ደጋግሜ መተካቱ ይሰለቸኛል።

መልስ 18። ማንም ያልጠየቀውን፣ ግን ሁሉም የሚወድቅበትን ነገር ወልዲያዋ አነሳች። አንድ ባለቤት አንድ መጽሐፍ ብቻ ካለው፣ ቀላሉ ላይብረሪ (ኤክስኤምኤል ቱ ዲክት) መጽሐፉን እንደ አንድ ዕቃ ይሰጣል። ሁለት ካለው ግን ዝርዝር አድርጎ ይሰጣል። ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ዝርዝር ነው የሚል ምልክት ስለሌለ፣ ላይብረሪው የሚገምተው ባየው ብዛት ነው። ኮዳችሁ ብዙ መጽሐፍ ባለው ሰው ተፈትኖ ያልፋል። አንድ ደብተር ብቻ ያላቸው እናት ቤት ሲደርስ ይሰበራል። ላይብረሪው ለዚህ ፎርስ ሊስት የሚባል አማራጭ አለው፤ የትኞቹ ታጎች ሁልጊዜ ዝርዝር እንዲሆኑ አስቀድሞ ይነገረዋል። በራሳችን ፈንክሽን ከሄድንም ያንኑ ውሳኔ እኛው መጻፍ አለብን።

በዚያው መልስ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አትሪቢዩት (ራሱ ታጉ ውስጥ የተጻፈ መረጃ) ሲሆን ቁልፉ ፊት @ ይጨመራል፤ የእኛ ቁጥር 114 የሚገኘው እዚያ ነው። ባዶ ታግ ደግሞ ባዶ ጽሑፍ ሳይሆን ናል (ዋጋ የለም የሚል ምልክት) ይሆናል። ባለቤቱ ስልክ የለውም ማለትና ስልኩ አልተጠየቀም ማለት እኛ ዘንድ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ይቺን በጥንቃቄ ያዝኳት።

መልስ 19። ከመርሳ የጻፈ ተማሪ የእኛን ምሳሌ ወደ ጄሰን ቀይሮ ደነገጠ። አማርኛው በሙሉ ጠፍቶ በወደኋላ ስላሽና በቁጥር ተሞልቷል። ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ነበር።

መልስ 20 አረጋጋው። ምንም አልተበላሸም። ፓይተን ጄሰን ሲጽፍ፣ ካልተነገረው በቀር ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደሎችና ምልክቶች) ውጭ ያለውን ፊደል በኮዱ ነው የሚተካው። ለምሳሌ ደሴ የሚለው ላይ ያለችው ሴ የዩኒኮድ ቁጥሯ በአሥራ ስድስትዮሽ አጻጻፍ 1234 ነው። እውነት ነው፣ ቆጥራችሁ ድረሱበት። ሲነበብ ተመልሶ ሴ ይሆናል። ለዓይንም ለመጠንም የሚሻለው ግን ኢንሹር አስኪ የሚለውን አማራጭ ፎልስ (ዝግ) ማድረግ ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ በቁጥር ሲተካ 6 ይሆናል። በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

መልስ 21። የአዲስ አበባው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ይህን ሁሉ ትቼ ያምል የሚባለውን ሌላ የመረጃ አጻጻፍ እንድጠቀም ነገረኝ፤ ለሰው ዓይን ስለሚመች።

መልስ 22። ክሩ ላይ የሚያስቅ ነገር ካለ ይህ ነው። የኮምቦልቻው ልጅ ያምሉን በላይብረሪ ሳይሆን በፕሪንት እየገጣጠመ ጽፎ አንድ ጊዜ የደረሰበትን ተረከ። የእኛ አካባቢ የስልክ መነሻ 033 ነው። የያምል 1.1 ደንብ በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር ስምንትዮሽ (ከ0 እስከ 7 ባሉ አኃዞች ብቻ የሚጻፍ ቁጥር) አድርጎ ያነበዋል። 033 ገብቶ 27 ወጣ። ሙሉ የስልክ ቁጥሮቹም ማንም የማያውቃቸው ቁጥሮች ሆኑ። የሚገርመው ሁሉም አልተበላሹም። ውስጣቸው 8 ወይም 9 ያለባቸው ስምንትዮሽ መሆን ስለማይችሉ እንዳሉ ተረፉ። ልጁ የትኛው ደህና የትኛው ብልሹ እንደሆነ ሲለይ አመሸ።

ስለ ቀኑ ደግሞ ወደ ምሳሌዬ ተመልከቱ። 2016-13-03 ጳጉሜ 3 ነው። ፓይያምል የሚባለው የፓይተን ያምል አንባቢ ያለ ጥቅስ ምልክት ሲያየው የፈረንጅ ቀን ይመስለዋል፣ 13ኛ ወር የለም ብሎም ይወድቃል። ጥቅምት 30ንም (2016-02-30) የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይጥለዋል። የእኛ የካቲት 30 ግን 2016-06-30 ስለሆነ የፈረንጆቹ ጁን 30 ነው ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። የወደቀውን ታያላችሁ፤ ዝም ብሎ የተቀበለውን ግን ማን ያየዋል?

መልስ 23። አዲስ አበባው፣ ያምል 1.2 ስምንትዮሹን እንዳስተካከለ ለመከራከር ሞከረ። መልስ 24 ላይ ወልዲያዋ፣ በ1.2ም ቢሆን 033 ቁጥር ሆኖ 33 እንደሚሆንና ዜሮው እንደሚበላ አሳየችው። መድኃኒቱ ስልክንም ቀንንም ጥቅስ ውስጥ ከቶ ጽሑፍ ማድረግ ነው። ቀላሉ ኤክስኤምኤል ላይብረሪ ሁሉንም ነገር ጽሑፍ አድርጎ መስጠቱ ለእኛ ውለታ እንጂ ጉድለት እንዳልሆነም ነገረችው። በዚህ እስማማለሁ። እሱም ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ከ25 እስከ 29 ከርዕሱ ወጣን። መነሻው፣ መዝገቡ ውስጥ ወልድያም ወልዲያም፣ ሐይቅም ሀይቅም፣ ኮምቦልቻም ኮምበልቻም መኖሩ ነው። ፎርማት መቀየር ይህን አያቃናም፤ በፍለጋ ጊዜ አንድ ከተማ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ከዚያ የትኛው ትክክል ነው የሚል ክርክር ተነሳ፣ ከዚያ ስለ ሐረጎ ጉምና ስለ መብራት መጥፋት ተወራ። በመሃል አንዱ፣ ፩ን ፓይተን አኃዝ ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው አዎ እንደሚል፣ ወደ ኢንቲጀር ለውጠው ሲሉት ግን እምቢ እንደሚል አስተውሏል። እኔም ሞከርኩት፤ እውነት ነው።

መልስ 30። ጋሼ ተመለሱ። ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ እሳቸው የጻፉት ስልክ ላይ ትርጉም አጥቶ እንደሚታይ ተናገሩ። ቅር ማለታቸውን በጨዋነት ነው ያስታወቁት። ያዩት የኮምቦልቻው ልጅ ታግ እየተካ በኤክስኤምኤል ቱ ዲክት የሠራውን የሙከራ ገጽ ነበር። እሳቸው የጻፉት ይህ ነው፦

<ማስታወሻ>ደብተሩ ከ<ቦታ>ቦሩ ሜዳ</ቦታ> ወደ <ቦታ>ሐይቅ</ቦታ> ሄደ</ማስታወሻ>

የወጣው ደግሞ፣ ባንድ በኩል ቦሩ ሜዳና ሐይቅ በዝርዝር፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ደብተሩ ከ ወደ ሄደ» የሚል ዓረፍተ ነገር።

መልስ 31። ወልዲያዋ ነገሩን አብራራች። ጽሑፍና ታግ ተቀላቅለው ሲመጡ፣ ዲክሽነሪ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደነበር የሚይዝበት ቦታ የለውም። ላይብረሪው ታጎቹን ለብቻ፣ ጽሑፉን ለብቻ ሰብስቦ ያስቀምጣል። ለመዝገብ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ለድርሰት አልተሠራም። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን የሚመዘግብበት ፕሮጀክት ቲኢአይ በሚባል የኤክስኤምኤል ዓይነት የሚሠራውም፣ ቃል መሃል ታግ ማስገባት ግድ ስለሚሆን ነው። እዚያ ላይ ወደ ጄሰን መሮጥ ኪሳራ እንደሆነ አስጠነቀቀች።

መልስ 32 ላይ አንድ ሰው ፓንዶክን ጠቆመ። መልስ 33 አረመው፤ ፓንዶክ ከማርክዳውን ወደ ወርድ፣ ከወርድ ወደ ኤችቲኤምኤል ለመሳሰለው የሰነድ ቅየራ ግሩም ነው፣ የራሳችሁን ታግ ግን አያውቅም።

መልስ 34። የኔ ነው። ርዕስ፣ ቦታ፣ ቀን፣ ስልክና ባለቤት በኤልኤክስኤምኤል ተነብበው ጄሰን ይሆናሉ። ማስታወሻው ግን አይፈታም። ከነታጉ እንዳለ፣ እንደ አንድ ጽሑፍ ጄሰኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ገጹ ሲያሳየው ታጉን ይደብቃል። የጋሼ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ሆኖ ታየ።

መልስ 35። ጋሼ አመስግነው ሌላ ጥያቄ አመጡ። በዓረብ ፊደል የተጻፈው መንዙማ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ቅየራው ይገለብጠው እንደሆነ ጠየቁ።

መልስ 36። የኮምቦልቻው ልጅ ነው የመለሰላቸው። ፋይሉ ውስጥ ፊደሎቹ የሚቀመጡት በንባባቸው ቅደም ተከተል ነው። ቀኝና ግራ የሚወሰነው ስክሪኑ ሲያሳይ እንጂ ፎርማቱ ሲቀየር አይደለም። አማርኛና ዓረብኛ ፊደል አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ግን ቅንፉና ቁጥሩ ቦታ ሊለዋወጥ ይችላል። ለዚያ አዲስ ክር ከፍቷል፤ ናሙና ያላችሁ እዚያ ላኩለት።